ዲስኮርስ በአወያይ ዓይን፦ ለማወቅ የሚጠይቀውን ለነገር ከሚጠይቀው ለመለየት ምን ያህል ያግዛል?

ዲስኮርስ የኦንላይን ውይይት ማስተናገጃ ሶፍትዌር ነው። ጄፍ አትውድ፣ ሮቢን ዋርድና ሳም ሳፍሮን በ2013 ለሕዝብ አወጡት፤ ኮዱ በጂፒኤል 2 ፈቃድ ክፍት ስለሆነ በራሱ ሰርቨር ላይ ጭኖ በነፃ ማስኬድ የሚፈልግን ሰው የሚከለክለው የለም። ስለ መልኩና ስለ ፍጥነቱ የተጻፈ ሞልቷል። እዚህ የምንመዝነው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ ጥያቄ ይዞ የገባው ሰው ለማወቅ ነው የመጣው ወይስ ለነገር? ስድብ ለአወያይ ቀላል ሥራ ነው። ራሱን ያጋልጣል፤ ታይቶ ይሰረዛል። ልብ አውልቁ "ለማወቅ ያህል ነው እንጂ" እያለ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣው፣ ሃያ ሰው ለሦስት ቀን የሚያሯሩጠው ነው።

በዚህ ሚዛን ዲስኮርስ ማን ምን ያህል እንዳነበበ፣ ምን እንደቀየረና ለየትኛው መልስ ምላሽ እንደሰጠ መዝግቦ በማሳየት በጣም ጥሩ ነው። ሰውን ራሱን መዝኖ ደረጃ መስጠት ሲጀምር ግን ይስታል፤ ሲስትም ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ነገረኛው ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ይታያል?

"የስልክ ባትሪን እስከ 80 ከመቶ ብቻ መሙላት ዕድሜውን ያረዝማል?" የሚል ርዕስ ተከፍቷል እንበል። አንዱ ገብቶ "ስልኬ ሦስት ዓመቱ ነው፤ 100 ሞልቼው እንኳ ቀኑን አይጨርስም። 80 ላይ ባቆመው ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?" ይላል። ሌላው "ማስረጃ አላችሁ?" ብቻ ብሎ ይጽፋል። እዚህ ድረስ ሁለቱም ቅን ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲያውም ሁለተኛው ማንም ሊጠይቀው የሚገባውን ነው የጠየቀው።

መልስ ይመጣል፦ የሊቲየም አየን ባትሪ ሙሉ እንደሆነ፣ በተለይም ሙቀት ባለበት፣ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ቶሎ ያረጃል፤ የ80 ከመቶ ገደብ በአንዳንድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ የገባውም ለዚሁ ነው። ሊንክ ተያይዟል። የመጀመሪያው ሰው "እንግዲያው እርጅናውን ያዘገየዋል እንጂ የጠፋውን አቅም አይመልስልኝም ማለት ነው?" ይላል። ሁለተኛው "ይሄ የአምራች ወሬ ነው፤ ገለልተኛ ጥናት አምጡ።" ገለልተኛው ይመጣለታል። "ይሄ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ አይደለም።" እሱም ይመጣል። "ናሙናው ትንሽ ነው። ማስረጃ እንደሌላችሁ ተረዳሁ። እኔ እኮ የጠየቅኩት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ምን ያስቆጣችኋል?"

የመጀመሪያው ሰው ሁለተኛ ጥያቄ በተሰጠው መልስ ላይ የቆመ ነው፤ መልሱን ባያነበው ኖሮ ያንን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። የሁለተኛው ግን መልሱ ምንም ይሁን ምን ሊጻፍ የሚችል ነው። "ናሙናው ትንሽ ነው" ለማለት ናሙናው ስንት እንደሆነ ማወቅ አላስፈለገውም፤ ቁጥሩንም አልጠቀሰም። አንድ ጥያቄ ብቻውን ሲታይ ቅንነቱ አይነበብም። የሚነበበው ጠያቂው መልሱን ምን አደረገው ከሚለው ነው። ስለዚህ አንድ የውይይት ሶፍትዌር ለአወያይ የሚጠቅመው ከመልሱ በኋላ ያለውን ዱካ ባሳየው ልክ ነው።

ዱካው፦ የዲስኮርስ ምርጡ ክፍል

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ትንሽ ነገር አለ። ልጥፍ ውስጥ በተቀመጠ ሊንክ ጎን ግራጫ ቁጥር ይታያል፤ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚቆጥር ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ገለልተኛው ጥናት በ10:02 ተለጥፎ፣ "አየሁት፣ የላብራቶሪ ነው" የሚለው ምላሽ በ10:03 ከመጣና ከሊንኩ ጎን ምንም ቁጥር ከሌለ፣ በዚያ ሊንክ በኩል የገባ ሰው የለም ማለት ነው። አወያይ ይህን ሲያይ መጠንቀቅ ያለበት ሁለት ነገር አለ። ቁጥሩ ማን እንደከፈተ አይናገርም፤ ሦስት ከሆነ ከሦስቱ አንዱ ተጠርጣሪው መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም። ደግሞም ሰውዬው ጥናቱን ቀድሞ ያውቀው፣ ወይም አድራሻውን ኮፒ አድርጎ በሌላ መንገድ ከፍቶት ይሆናል። ሊንክ ብቻውን መስመር ላይ ሲቀመጥም ዲስኮርስ የገጹን ርዕስና ጥቂት ዓረፍተ ነገር በሳጥን ያወጣል፤ ያንን ብቻ አንብቦ የሚመልስ ብዙ ነው፣ ይህም ስንፍና እንጂ ክፋት አይደለም። ባዶው ቁጥር ለፍርድ አይበቃም። "ከጥናቱ የትኛውን ክፍል ነው የሚቃወሙት?" ብሎ ለመጠየቅ ግን ይበቃል።

ሁለተኛው ዱካ የፕሮፋይሉ ማጠቃለያ ገጽ ነው። እዚያ ላይ የገባባቸው ቀናት ብዛት፣ በንባብ ያሳለፈው ሰዓት፣ ያነበባቸውና የጻፋቸው ልጥፎች ቁጥር፣ የሰጠውና የተቀበለው ላይክ ጎን ለጎን ይታያሉ። አንድ ሰው 40 ልጥፍ ጽፎ የንባብ ጊዜው 12 ደቂቃ ብቻ ከሆነ የሚመልስላቸውን ሰዎች አያነብም ማለት ነው። በተቃራኒው ስድስት ሰዓት አንብቦ ሁለት ጥያቄ ብቻ የጠየቀ ሰው፣ ጥያቄው የቱንም ያህል ቢያሻክር፣ በቅንነት መታየት አለበት። ፕሮፋይሉን ከሕዝብ የደበቀ አባል ቢኖር እንኳ ለአወያይ ይታያል። ንባቡን በኢሜይል የሚከታተል ሰው ግን ሰዓቱ በአግባቡ ስለማይቆጠርለት ከመፍረዳችሁ በፊት ይህንንም አጣሩ።

ሦስተኛው የእርማት ታሪክ ነው። ልጥፍ ሲታረም በላዩ ላይ የእርሳስ ምልክት ይወጣል፤ ሲጫኑት የቀድሞውና የአሁኑ ጽሑፍ ጎን ለጎን፣ የተቀነሰው በቀይ የተጨመረው በአረንጓዴ ሆኖ ይከፈታል። ነገረኛ ከሚወዳቸው ዘዴዎች አንዱ መልስ ካገኘ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ጥያቄውን መቀየር ነው፦ "ያረዝማል?" የነበረው "በእጥፍ ያረዝማል?" ይሆንና መልስ የሰጠው ሰው ሳይገባው የመለሰ ይመስላል። ዲስኮርስ ላይ ይህ አይደበቅም። በነባሪው (ሶፍትዌሩ ሲጫን ይዞት በሚመጣው) ሴቲንግ ልጥፉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች የሚደረግ ትንሽ እርማት ግን አይመዘገብም፤ የፊደል ግድፈት ለማረም ታስቦ የተተወ ነው። ትኩስ ክርክር በሚበዛበት ቦታ አስተዳዳሪው ይህን ወደ 1 ደቂቃ ቢያወርደው አይጎዳም። ጸሐፊው ራሱ ያጠፋውንም ልጥፍ አወያዮች መልሰው ማየት ይችላሉ።

ጥቅስ ላይም ጥሩ ሠርተዋል። ከሌላ ሰው ልጥፍ ላይ ጽሑፍ መርጦ "ጥቀስ" ሲባል ሳጥኑ የተናጋሪውን ስምና ወደ ዋናው ልጥፍ የሚወስድ ቀስት ይዞ ይወጣል፤ ሳጥኑን እዚያው ዘርግቶ ሙሉውን ማንበብም ይቻላል። ጥቅሱን በእጅ መቀየር አልተከለከለም፤ "አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል" የሚለውን "ይጠቅማል" ብሎ ማስቀረት ይቻላል። ልዩነቱ፣ እዚህ አንባቢው በአንድ ጭነት ሊያጣራው መቻሉ ነው። ስለዚህ በሕጋችሁ ውስጥ "ሌላ ሰው የተናገረውን ስትቃወሙ ጠቅሳችሁ ተቃወሙ" የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ቅን ሰው ይህን ለመፈጸም አይቸገርም። ያልተባለውን ተባለ ብሎ የሚሟገት ግን የሚጠቅሰው ያጣል።

የእምነት ደረጃ፦ ጥሩ አጥር፣ መጥፎ ምስክር

ዲስኮርስ እያንዳንዱን አባል ከ0 እስከ 4 ባለ ደረጃ ላይ ያስቀምጣል። በነባሪው ሴቲንግ ከ0 ወደ 1 ለመውጣት 5 ርዕሶች ውስጥ መግባት፣ 30 ልጥፍ ማንበብና በድምሩ 10 ደቂቃ በንባብ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ለ2 ደግሞ በ15 የተለያዩ ቀናት መግባት፣ 20 ርዕስና 100 ልጥፍ፣ የ60 ደቂቃ ንባብ፣ በ3 ርዕሶች ላይ ምላሽ መስጠት፣ ቢያንስ አንድ ላይክ መስጠትና አንድ መቀበል። 3 የሚገኘው ካለፉት 100 ቀናት ግማሹን ለገባ፣ 20 ላይክ ለተቀበለና 30 ለሰጠ ነው፤ ሌሎችም መስፈርቶች አሉት፣ ሲጓደሉም ደረጃው ይወርዳል። 4 በእጅ ብቻ ይሰጣል።

ታችኛው ጫፍ በደንብ ይሠራል። ደረጃ 0 ላይ ያለ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከ3 ርዕስና ከ10 ምላሽ በላይ መጻፍ፣ በአንድ ልጥፍ ከ2 ሊንክ በላይ ማስገባት፣ ከ2 ሰው በላይ በስም መጥራት አይችልም። ሌላ ቦታ በተጠራ ዘመቻ አካውንት ከፍቶ ሊያተራምስ የመጣ ሰው እዚህ ጋ ጉልበቱ ያልቃል። ለአዲሱ ሰው ክብር የሚሰጥም ነገር አለ፦ የመጀመሪያ ልጥፉ ላይ "ይህ አባል ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው፤ እንቀበለው" የሚል ማስታወሻ ለነባር አባላት ይወጣል። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን "ይሄን ሺህ ጊዜ መልሰናል" ብሎ ሊቆጣ የተዘጋጀውን ነባር አባል ታለዝበዋለች።

ችግሩ ከዚያ በላይ ነው። መስፈርቶቹን መልሳችሁ አንብቧቸውና ትዕግሥተኛ ነገረኛን አስቡ። በየቀኑ ይገባል። ቀዳዳ ለመፈለግ ሁሉንም ያነባል። የእሱን ወገን የያዙ ሰዎች ላይክ ያዘንቡለታል፣ እሱም ይመልሳል። ደረጃ 3 ለመድረስ የሚያግደው የለም። አንድ ጥያቄ ጠይቆ፣ መልስ አግኝቶ፣ አመስግኖ የሄደው ቅን ሰው ግን ደረጃ 1 ላይ ይቀራል። ደረጃው የሚለካው ጽናትን ነው፤ ጽናት ደግሞ ከሁለቱ ለነገረኛው ነው የሚቀርበው።

ይህ የማዕረግ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስጨነቀ። ደረጃ 3 ሥልጣን ይዞ ይመጣል፦ የሌሎችን ርዕስ ስም መቀየርና ወደ ሌላ ምድብ ማዛወር። "80 ከመቶ መሙላት ይጠቅማል?" የሚለው ርዕስ በአንድ ሌሊት "የ80 ከመቶው ተረት" ሊሆን ይችላል። ከዚህ የባሰው፣ ደረጃ 3 ላይ ያለ ሰው የደረጃ 0 አባልን ልጥፍ በስፓም ሪፖርት ሲያደርግ ልጥፉ ወዲያው መደበቁ ነው። ለማስታወቂያ አጥለቅላቂዎች የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ነገረኛ እጅ ሲገባ አዲስ ጠያቂን ማፈኛ ይሆናል። መፍትሔው አለ፤ አስተዳዳሪው የምትጠረጥሩትን አባል ደረጃ 2 ላይ ቆልፎ እንዳያልፍ ማድረግ ይችላል። የሚያከራክር ጉዳይ ለሚነሳበት ምድብም የመጻፍ ፈቃዱን ለደረጃ 1 ቡድንና ከዚያ በላይ ላሉት ብቻ ስጡ፤ የ10 ደቂቃ ንባብ ቅን ሰውን አይገፋም። የጥያቄና መልስ ምድቡን ግን ለሁሉም ክፍት ተዉት።

ማዘግየት

ጣሊያናዊው የሶፍትዌር ባለሙያ አልቤርቶ ብራንዶሊኒ በ2013 የተናገረው ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሕግ ሆኗል፦ ትርኪምርኪን ለማፍረስ የሚወስደው ጉልበት ለመፍጠር ከሚወስደው በአሥር እጥፍ ይበልጣል የሚል ነው። ከላይ ያለውን ምሳሌ ስናይ ሁለተኛው ሰው በአራት አጭር ልጥፍ ሌሎችን ሦስት ጊዜ ፍለጋ ልኳል። የነገረኛ አቅሙ ይህ የጉልበት ልዩነት ነው፤ እሱን የሚያጠብ ማንኛውም መሣሪያ ይጠቅማል።

ዲስኮርስ ለዚህ አንድ ርዕስ ላይ ብቻ የሚጫን የማዘግየት ሁነታ አለው። ከርዕሱ የመፍቻ ምልክት ውስጥ ይከፈታል፤ አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ ዳግም ለመጻፍ የሚጠብቀው ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ቀናት ይመረጣል፤ ማዘግየቱ መቼ በራሱ እንደሚነሳም መወሰን ይቻላል። 15 ደቂቃ ለጦፈ ነገር ምንም አይሠራም፤ ነገረኛው በሌላ ትር ሌላ ነገር እየሠራ ይጠብቃል። 4 ሰዓት ላይ ለውጡ ይታያል፦ አንድ ልጥፍ ብቻ እንዳለው የሚያውቅ ሰው "ምንጭ?" ብሎ አያባክነውም። ቅን ጠያቂ ጥያቄዎቹን ሰብስቦ በአንድ ያቀርባል። ነገረኛው ወይ ይሰለቻል ወይ አሥራ ሁለት ጥያቄ በአንድ ልጥፍ ያወርዳል። ይህን የመጨረሻውን አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዩጂኒ ስኮት በ1994 "ጊሽ ጋሎፕ" ብላ ስም አውጥታለታለች፤ ዱዌን ጊሽ የተባለው፣ ዝግመተ ለውጥን የሚቃወም የፍጥረት ትምህርት ተሟጋች መድረክ ላይ ሲጠቀምበት የነበረውን ስልት ለመግለጽ ነበር። ሶፍትዌሩ ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ የአወያይ እጅ ያስፈልጋል። የሚሠራው ምላሽ አጭር ነው፦ "ከአሥራ ሁለቱ ለእርስዎ ወሳኙ የትኛው ነው? እሱን ጨርሰን ወደ ቀጣዩ እንሂድ።" ቅን ሰው አንዱን ይመርጣል። የማይመርጥ፣ ወይም አንዱን መርጦ ሲመለስለት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ አምስተኛው የሚዘል፣ የመጣበትን ነግሯችኋል።

ከማዘግየቱ ቀደም ብለው የሚመጡ ለስላሳ ማሳሰቢያዎችም አሉ። አንድ ሰው በተከታታይ ለተለያዩ ልጥፎች ሲመልስ መጻፊያው ጎን "ምላሾችህን በአንድ ብትሰበስባቸው" የሚል ይወጣል፤ ከርዕሱ ምላሾች ብዙውን እጅ የያዘው "ለሌሎችም ቦታ ስጥ" ይባላል፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ሲመላለሱ ደግሞ በግል መልእክት እንዲቀጥሉ ሐሳብ ይቀርባል። ጥሩነታቸው ከመላኩ በፊት መምጣታቸው ነው፤ ለግለሰቡ ብቻ ስለሚታዩም ማንንም አያሳፍሩም። ቁጡ ግን ቅን የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ይመለሳል። ነገረኛው ዘግቶት ያልፋል።

ሪፖርቱና የግል መልእክቱ

አባላት ልጥፍን ሪፖርት ሲያደርጉ የሚመርጧቸው ምክንያቶች "ከርዕስ የወጣ"፣ "ተገቢ ያልሆነ"፣ "ስፓም" እና "ሌላ" የሚሉ ዓይነት ናቸው። ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው "ሌላ" ብቻ ነው፤ እሱ ለአወያይ ማብራሪያ እንዲጻፍ ይጠይቃል። አባሎቻችሁ "ይሄ ሰውዬ ነገረኛ ነው" ብለው እንዳይልኩ አስተምሯቸው። የሚጠቅመው ሪፖርት ይህን ይመስላል፦ "ልጥፍ 14 ላይ ምንጭ ጠየቀ፤ 16 ላይ ተሰጠው፤ 22 ላይ ምንጭ እንዳልተሰጠው አድርጎ ያንኑ ደገመ።" እያንዳንዱ ልጥፍ ቁጥር ስላለው አወያዩ በአንድ ደቂቃ ያጣራዋል። "ከርዕስ የወጣ" የሚለውን ለፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ዓይነቱ ልጥፍ ተዉት፤ እሱንም ከመደበቅ ይልቅ ልጥፎቹን መርጦ ወደ አዲስ ርዕስ ማዛወር ይሻላል። ዲስኮርስ ይህን በጥቂት ጭነት ይሠራል፣ ሊንኩንም ትቶ ያልፋል። ርዕስ ለማስቀየስ የመጣ ሰው በራሱ ርዕስ ላይ ብቻውን ሲቀር ብዙ አይቆይም።

ከሪፖርቱ በኋላ ቀጥታ ማገድ ስህተት ነው። አስቀድሞ የግል መልእክት ይላካል፣ መልእክቱም በመውቀስ ፋንታ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ፦

"ሰላም። በባትሪው ርዕስ ላይ እስካሁን ሦስት ምንጭ ቀርቦልዎታል፤ ሦስቱም እንዳላሳመንዎት ገልጸዋል። ምን ዓይነት ማስረጃ ቢቀርብ እንደሚበቃዎት በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጽፉልን መልስ የሚሰጡት ሰዎች ምን መፈለግ እንዳለባቸው ያውቃሉ። እስከዚያ በዚያ ርዕስ ላይ አዲስ ምንጭ ባይጠይቁ ደስ ይለናል።"

የሚመጣው ምላሽ ከሦስት ዓይነት አይወጣም። "በመቶዎች የሚቆጠር ስልክ ለሁለት ዓመት የተከታተለ ቢሆን ይበቃኛል" የሚል ሰው ቅን ነው፤ መስፈርቱ ከባድ ቢሆንም መስፈርት አለው። "እውነቱን ለመናገር ምንም አያሳምነኝም፤ አምራቾችን አላምንም" የሚልም በራሱ መንገድ ቅን ነው፤ ክርክሩ ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ አመኔታ እንደሆነ ታወቀ፣ ሰዉም ምንጭ ከመቆፈር ያርፋል። ሦስተኛው መልእክቱን አደባባይ አውጥቶ "ጥያቄ ስለጠየቅኩ አፈኑኝ" ይላል። ያኔ መደበኛ ማስጠንቀቂያ ይከተላል፤ አወያይ መልእክት ሲልክ "ይህ ይፋዊ ማስጠንቀቂያ ነው" የሚለውን ምልክት ሲያደርግ በአባሉ መዝገብ ላይ ይቆጠራል። ቀጥሎ ዝም ማሰኘት ይመጣል፦ ሰውዬው ገብቶ ማንበብ ይችላል፣ መጻፍ አይችልም። ሙሉ እገዳ ከዚያ በኋላ ነው።

ሁሉንም በአባሉ ማስታወሻ ላይ ጻፉት። የአባላት ማስታወሻ የሚባለው ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚታከል ተጨማሪ) ለአወያዮች ብቻ የሚታይ ነው፤ ቀን፣ የልጥፍ ቁጥርና የሆነውን ብቻ ያስፍሩበት። "ተንኮለኛ" ብሎ መጻፍ ከስድስት ወር በኋላ ለሚያነበው አወያይ ምንም አይነግረውም። "ልጥፍ 14፣ 16፣ 22፤ የተሰጠውን ምንጭ እንዳልተሰጠ አድርጎ ደገመ" ግን ይነግረዋል።

ተጨማሪዎቹ

ብንመርጥ የምንመርጠው አንድ ፕለጊን "የተፈታ" የሚባለውን ነው። ጠያቂው ከመልሶቹ አንዱን መፍትሔ ብሎ ምልክት ያደርግበታል። አስቡት፦ አንድ አባል ዘጠኝ ጥያቄ ከፍቶ፣ ሁሉም ላይ ጥሩ መልስ ተሰጥቶት፣ አንዱንም መፍትሔ አላለም። ምልክት ማድረግ የረሳ ሊሆን ይችላል፤ ዘጠኝ ጊዜ ሲሆን ግን ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ሬዲት ከተባለው የውይይት ድረ ገጽ የሚወሰድ አንድ ጥሩ ሐሳብም አለ። በ2013 የተቋቋመው "ሐሳቤን ቀይሩ" የተባለው የሬዲት ክፍል ርዕስ የሚከፍት ሰው ሐሳቡ የራሱ እንዲሆንና ለመቀየር ክፍት እንዲሆን፣ ከለጠፈም በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ምላሽ መስጠት እንዲጀምር ያስገድዳል፤ ሐሳቡን የቀየረለትን ሰው ደግሞ የዴልታ ምልክት ይሰጠዋል። ዲስኮርስ ላይ ይህ በቀጥታ የለም። የምድብ ሴቲንግ ውስጥ ባለው የርዕስ ቅጽ ግን ግማሹን መሥራት ይቻላል። አዲስ ርዕስ ሲከፈት መጻፊያው ውስጥ ቀድመው የሚቀመጡ ሦስት መስመሮች ይበቃሉ፦ "ማወቅ የምፈልገው፦"፣ "እስካሁን ያነበብኩት፦"፣ "ሐሳቤን የሚቀይረው፦"። ከሦስት በላይ አታድርጉት፤ ቅጹ ሲረዝም የሚሸሸው ቅን ሰው ነው። ነገረኛው ጊዜ አለው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ተጨማሪ እያንዳንዱን ልጥፍ ለቋንቋ ሞዴል አሳይቶ የሚያጠራጥረውን ወደ አወያዮች ወረፋ መላክ ይችላል። ለስድብና ለስፓም ይሁን። ለቅንነት ግን አንመክረውም፤ ሞዴሉ በዋናነት የሚያየው የልጥፉን ቃላት ነው፣ የነገረኛው ቃላት ደግሞ ንጹሕ ናቸው። ጨዋው ያልፋል፣ የተበሳጨው ቅን ሰው ይያዛል። የግድ ከተጠቀማችሁበት ልጥፍን እንዲደብቅ ሳይሆን ወረፋ ላይ እንዲያስቀምጥ ብቻ አድርጉት።

ማንን ሊበድል ይችላል?

ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ሁሉ በስህተት የሚይዟቸው ሰዎች አሉ። በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው ለስላሳ ማያያዣዎች ስለሚያጥሩት "ማስረጃ?" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በሙያው ውስጥ የቆየ ሰው ደግሞ ሦስት ምንጭ ቢቀርብለት ሦስቱንም በትክክል ሊጥል ይችላል። ይህኛውን የሚለየው የጣለበት ምክንያት ዝርዝር መሆኑ ነው፦ ገጽ ይጠቅሳል፣ ቁጥር ያነሳል፣ "ይህ ቢሆን ኖሮ እቀበለው ነበር" ይላል። አንድ ጥያቄ በሌላ ቦታ ተሹፎበት የመጣ ሰውም ገና ሲገባ ቁጡ ነው። ለእነዚህ ሁሉ የሚሠራው አንድ ነው፦ የመጀመሪያውን መልስ በሙሉ ልብ ስጡ። ዊኪፔድያ አዘጋጆቹን በቅንነት እንዲተያዩ ይመክራል፤ ተቃራኒው በግልጽ ከታየ በኋላ ግን ያንን ግምት ይዞ መቀጠል ግዴታ እንዳልሆነ እዚያው ይናገራል። በተግባር ሲሆን፣ አንድ ሙሉ መልስ፣ አንድ ማብራሪያ፣ ከዚያ የግል መልእክት።

የሚያናድዱ ጉድለቶች

የዲስኮርስ ርዕስ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚወርድ አንድ ጅረት ነው። ሁለት ሰዎች ሲያያዙ ጎን ላይ አይሄዱም፤ መሃል ላይ ሆነው የሁሉንም ንባብ ይቆርጣሉ። አወያዩ ቶሎ ካልለያቸው ሌሎች ሃያ ሰዎች ርዕሱን ትተው ይሄዳሉ። ላይክ ብቻ እንጂ አለመስማማትን የሚገልጽ ምልክት በነባሪው አለመኖሩ ግን የሚመሰገን ነው፤ ቅን ግን ተወዳጅ ያልሆነ ጥያቄ በድምፅ አይቀበርም።

በአማርኛ ለሚያስኬዱ ሌላም አለ። ነባሪው ሴቲንግ ከ20 ፊደል ያነሰ ልጥፍና ከ15 ያነሰ ርዕስ አይቀበልም። በእኛ ጽሕፈት ብዙ ሐሳብ በጥቂት ፊደል ስለሚገባ "ምንጩ የት ነው?" የሚል ሙሉ ጥያቄ ይመለሳል፤ ጠያቂውም ነጥብ በነጥብ እየደረደረ ያስረዝመዋል። ሁለቱንም ወደ 8 አውርዷቸው።

ለትንሽ ማኅበረሰብ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ከስዋፕ (ሜሞሪ ሲያንስ ከዲስክ የሚወሰድ ቦታ) ጋርና 10 ጊጋባይት ዲስክ ያለው የሊኑክስ ሰርቨር ያስነሳዋል፤ ተከላው በዶከር (ሶፍትዌርን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ነው፣ ኢሜይል መላኪያ ካልተስተካከለ ግን በኢሜይል አድራሻው የሚመዘገብ ሰው ማረጋገጫው አይደርሰውም፤ ብዙ ጀማሪ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ከሠላሳ በታች ንቁ አባላት ላሉት ቡድን ይህ ሁሉ መሣሪያ ይበዛል፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ቦታ ነገረኛን ለመለየት የንባብ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። መቶዎች ለሚጽፉበት፣ ቢያንስ ሦስት አወያይ ለሚመድብ ግን ያለ ማመንታት እንመክረዋለን። በመጀመሪያው ቀን የማዘግየት ሁነታውን የት እንደሚከፍቱ ለሦስቱም አሳዩአቸው፣ የማስታወሻ ፕለጊኑን አብሩ፣ የደረጃ 3 መስፈርቶችንም ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ በኋላ ዝቅ ማድረግ ማንንም አያስቆጣም፣ ከተሰጠ በኋላ መንጠቅ ግን ሌላ ክርክር ይከፍታል።